የመኪና ፍሬንና የሕክምና ምርምር፦ መለኪያው ተሻሻለ ማለት ሰው ዳነ ማለት ነውን?

መግቢያ

ተለማማጅ ሐኪም በነበርኩበት ዘመን፣ በአንድ የክረምት ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ፣ የጭን አጥንቱ የተሰበረ አንድ ሹፌርና ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው ታናሽ ወንድሙ በአንድ መኪና ተጭነው መጡ። ወንድሙ በጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ሳይነጋ ሕይወቱ አለፈ። ሹፌሩ የገዛ ሕመሙን ረስቶ ለቀረበው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር፦ «ዶክተር፣ መኪናዋ እኮ ኤ.ቢ.ኤስ. አላት! ፍሬን ስይዝ መርገጫው እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠብኝ፤ የተበላሸ መስሎኝ ለቀቅኩት።»

በጊዜው የነገሩ ትርጉም አልገባኝም ነበር። ስለዚህ መሣሪያ ማንበብ የጀመርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ያነበብኩት ሁሉ የመኪና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። የኤ.ቢ.ኤስ. ታሪክ በሕክምና ምርምር ውስጥ ደጋግመን የምንወድቅበትን አንድ ስሕተት በግልጽ የሚያሳይ ነው። ስሕተቱም የሚቀርበንንና ለመለካት የሚቀለንን ነገር አሻሽለን፣ የምንፈልገውን ውጤት ያገኘን መስሎ መታየቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ፣ ለሐኪሙም ሆነ መኪና ለሚነዳው አንባቢ የሚጠቅመውን ትምህርት ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤ.ቢ.ኤስ. እንዴት ይሠራል?

አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ፣ በተለይም መንገዱ እርጥብ ከሆነ፣ ጎማው መዞሩን አቁሞ በአስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ የሚንሸራተት ጎማ ከሚዞር ጎማ ያነሰ የመያዝ ኃይል ስላለው መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ብዙውን ጊዜ ይረዝማል። ጎማ መንገዱን አጥብቆ የሚይዘው ፈጽሞ ሳይቆም፣ ነገር ግን ፍጥነቱ ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ፣ የፊት ጎማዎች መዞር ካቆሙ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው አይታዘዝም፤ በነበረበት አቅጣጫ ይቀጥላል።

ኤ.ቢ.ኤስ. ይህን ለመከላከል የተሠራ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በየጎማው አጠገብ ሆኖ የጎማውን የመዞር ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ከየጎማው የሚመጣውን መረጃ እያነጻጸረ፣ አንደኛው ጎማ መኪናው ሊቀንስ ከሚችለው በላይ በድንገት ፍጥነቱ ሲወርድ «ይህ ጎማ ሊታሰር ነው» ብሎ የሚወስን ኮምፒውተር ነው። ሦስተኛው የፍሬን ዘይቱን ግፊት የሚይዙ፣ የሚለቁና መልሰው የሚጨምሩ ቫልቮችና ፓምፕ ናቸው። ይህ መያዝና መልቀቅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በመርገጫው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥና ከሞተሩ ክፍል የሚመጣው የመንኳኳት ድምፅም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለሆነም ያ ሹፌር ብልሽት የመሰለው ነገር መሣሪያው በመሥራት ላይ የመሆኑ ምልክት ነበር።

ለሐኪም ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በአንገታችን ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚገኙት ግፊት ተቀባዮች የደም ግፊትን ይለካሉ፤ የአንጎል ግንድ መረጃውን ይመዝናል፤ ልብና የደም ሥሮች ትእዛዙን ይፈጽማሉ። ከተኛንበት በድንገት ስንነሣ የማንወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለካ፣ አመዛዝን፣ አስተካክል፣ መልሰህ ለካ የሚለው ሥርዓት በአካልም በመኪናም አንድ ነው።

ከፈተና ሜዳ ወደ ጎዳና

ጎማ እንዳይታሰር የመከላከሉ ሐሳብ አስቀድሞ የተሠራበት በአውሮፕላን ላይ ነው፤ ማክሳሬት የተባለው መካኒካዊ መሣሪያ በ1950ዎቹ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ይሠራ ነበር። የኤሌክትሮኒኩን ዓይነት ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1978 ለገበያ ሲያበቃ፣ በዚያው ዓመት በመርሰዲስ ቤንዝ ትልቁ አውቶሞቢል ላይ ተገጠመ። በፈተና ሜዳ የታየው ውጤት የሚያጠራጥር አልነበረም። በውኃ በራሰ አስፋልት ላይ መሣሪያው ያለው መኪና ፍሬን ይዞም በመሪ ይታዘዝ ስለነበር፣ ከፊቱ የተቀመጠውን መሰናክል ዞሮ ያልፋል፤ የሌለው ግን ተንሸራቶ ይመታዋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መሣሪያው በተገጠመበት መኪና አደጋ እንደሚቀንስ ቢያምን የሚፈረድበት አይደለም።

ይሁን እንጂ በፈተና ሜዳ ላይ የሚነዳው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። መቼ ፍሬን እንደሚይዝ አስቀድሞ ያውቃል፤ መርገጫው ሲንቀጠቀጥ አይደነግጥም፤ የቸኮለ ተሳፋሪም ከኋላው የለም። በሕክምና ምርምርም ቢሆን፣ መድኃኒት በተመረጡ ሕሙማን ላይ በቅርብ ክትትል ሲሞከር የሚያሳየው ብቃትና በየጤና ጣቢያው ለሁሉም ሲታዘዝ የሚያስገኘው ጥቅም የተለያዩ መሆናቸውን እናውቃለን።

የሙኒክ ታክሲዎች

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የተካሄደ ጥናት ጥያቄውን ወደ ጎዳና አወጣው። በአንድ የታክሲ ድርጅት ውስጥ በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑት መኪኖች ከፊሎቹ ኤ.ቢ.ኤስ. የተገጠመላቸው ሲሆኑ ከፊሎቹ አልነበራቸውም። ለሦስት ዓመታት በተደረገው ክትትል በድርጅቱ ታክሲዎች ላይ 747 አደጋዎች ተመዘገቡ። መሣሪያው ያላቸው መኪኖች ከሌላቸው ያነሰ አደጋ አልደረሰባቸውም።

ተመራማሪዎቹ ለምን ብለው ጠየቁ። ተሳፋሪ መስለው የሚገቡ ሠልጣኝ ታዛቢዎችን በመላክ የአነዳዱን ሁኔታ አስመዘገቡ። ሹፌሮቹ እየተጠኑ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ ታዛቢዎቹም የተሳፈሩበት መኪና ኤ.ቢ.ኤስ. ይኑረው አይኑረው አልተነገራቸውም። በሕክምና ምርምር ሕመምተኛውም ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ እንዳያውቁ የምናደርገው፣ ምኞታችን መለኪያችንን እንዳያጣምመው ስለሆነ፣ ይህ የታዛቢዎች አሠራር ለእኛ የሚገባ ጥንቃቄ ነው። የተገኘውም መልስ ኤ.ቢ.ኤስ. ያላቸው ሹፌሮች ኩርባ ላይ አጥብቀው የሚታጠፉ፣ መስመራቸውን በደንብ የማይጠብቁና ለሌሎች ተሽከርካሪዎች አደገኛ ሁኔታ በብዛት የሚፈጥሩ መሆናቸውን የሚያሳይ ነበር። መሣሪያው ያስገኘላቸውን የደኅንነት ትርፍ በፍጥነት መንዝረውታል ማለት ነው። ቆይቶ ድርጅቱ ሹፌሮቹ ከጥገናው ወጪ ከፊሉን እንዲከፍሉና አደጋ የሚያበዙትም ከሥራ እንደሚሰናበቱ ሲያስታውቅ የአደጋው ቁጥር ቀነሰ።

በካናዳ የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁር የነበሩት ጄራልድ ዋይልድ ይህን ጥናት ለንድፈ ሐሳባቸው ዋና ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል። እርሳቸው እንደሚሉት፣ አካላችን ሙቀቱን በአንድ መጠን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሰውም የሚቀበለውን የአደጋ መጠን ይጠብቃል፤ ከአንዱ ወገን ሲቀንስለት በሌላው ይጨምራል። ንድፈ ሐሳቡ በዚህ ሙሉ መልኩ ብዙ ተቃዋሚዎች አሉት፤ የደኅንነት ቀበቶን የመሰሉ መሣሪያዎች የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፋቸው ተረጋግጧልና። ቢሆንም መሣሪያ የሚሰጠው ሰው ምን ጊዜም እንደ ቀድሞው ይሠራል ብሎ መገመት ስሕተት መሆኑን የሙኒክ ጥናት በሚገባ አሳይቷል።

በብዙ ሕዝብ ላይ የታየው ውጤት

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ ጉዳዩን አጠራው። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ሰፊ ትንተና፣ ኤ.ቢ.ኤስ. ሞት ባስከተሉ አደጋዎች ጠቅላላ ቁጥር ላይ ያመጣው ለውጥ ለዜሮ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ዜሮ ግን «ምንም አልሠራም» ማለት አይደለም። ከእግረኞች ጋር የሚደረጉ ግጭቶችና በእርጥብ መንገድ ላይ በተሽከርካሪዎች መካከል የሚደርሱ ግጭቶች ቀንሰዋል፤ መኪናው ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ የሚደርስበት አደጋ ደግሞ ጨምሯል። ሁለቱ ተጣጥተው ድምሩ ባዶ ሆነ። ሞት ያላስከተሉ አደጋዎች ግን በአውቶሞቢሎች ላይ በ6 በመቶ፣ በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ በ8 በመቶ ቀንሰው ታይተዋል።

ከመንገድ መውጣት ለምን እንደጨመረ ብዙ ግምት ቀርቧል። ቀድሞ የሚንሸራተተው መኪና አሁን በመሪ ስለሚታዘዝ፣ የደነገጠ አሽከርካሪ መሪውን ከመጠን በላይ ጠምዝዞ ወደ ገደል ያወጣዋል የሚሉ አሉ። የለመዱትን መርገጥና መልቀቅ ትተው አንድ ጊዜ አጥብቆ መርገጥን አሽከርካሪዎች አልተማሩም የሚሉም አሉ። አንድ ምክንያት ብቻውን አልተረጋገጠም።

ተመሳሳይ ታሪክ በሕክምና ውስጥ

በ1980ዎቹ የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ከሞት የተረፉ ሕሙማን ልባቸው ከተርታ ውጭ የሚመታ ከሆነ በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍተኛ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ይህን የምት መዛባት የሚያጠፉ መድኃኒቶችም ነበሩ። ስለዚህ መዛባቱን ማጥፋት ሞትን ይከላከላል የሚለው ሐሳብ ለሁሉም የተረጋገጠ ያህል ሆኖ ይታይ ስለነበር መድኃኒቶቹ በሰፊው ይታዘዙ ነበር። እንዲያውም እንዲህ ያለውን በሽተኛ ግማሹን በማስመሰያ ክኒን ማቆየት ከሥነ ምግባር ውጭ ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ።

ካስት በሚል አጠራር የሚታወቀው ጥናት ይህን ሐሳብ ፈተነው። ወደ ጥናቱ የገቡት መድኃኒቱ የልብ ምታቸውን መዛባት በእርግጥ እንዳጠፋላቸው አስቀድሞ የታየላቸው ሕሙማን ነበሩ፤ ማለትም መለኪያው ተሻሽሏል። ከዚያ በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ፣ ከፊሎቹ ማስመሰያ ክኒን ተሰጣቸው። በ1989 የጥናቱ የሁለቱ መድኃኒቶች ክፍል ባልታሰበ ሁኔታ ተቋረጠ። በ1991 በወጣው ዘገባ ከ1,498 ሕሙማን መካከል በአማካይ በአሥር ወር ክትትል መድኃኒቱን ከወሰዱት 63፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 26 ሰዎች ሞተዋል። የኤሌክትሮካርዲዮግራም ወረቀቱ ተስተካክሎ ሳለ ሰዎቹ ይሞቱ ነበር። ዕጣ ተጥሎ ባይነጻጸር ኖሮ፣ እያንዳንዱ ሐኪም የሞተበትን በሽተኛ «ልቡ ተጎድቶ ነበርና» ብሎ ያልፈው ነበር፤ መድኃኒቱን የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውምና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤቶቻችን የተገኘ ነው። በኬንያ፣ በታንዛንያና በኡጋንዳ የተካሄደውና በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት፣ ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን የሚመለከት ነበር። እኛም በትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት የታመነበት ሕክምና ነበር። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በአልቡሚን ክፍል 10.6 በመቶ፣ በጨው ውኃ ክፍል 10.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ሰዓት ግን የደም ዝውውር ምልክታቸው ቶሎ የተሻሻለው ፈሳሹን ያገኙት ነበሩ። የቀዘቀዘው እጅ ሲሞቅ፣ የሳሳው የደም ትርታ ሲሞላ ያየ ሐኪም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። እኔም በዚያ መንገድ ካለፉት አንዱ ነኝ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ጥናቱ በተቅማጥ ምክንያት ፈሳሽ ያለቀባቸውን ሕፃናት አይመለከትም፤ እነርሱ ፈሳሹ ያስፈልጋቸዋል።

ወኪል መለኪያና እውነተኛ ውጤት

በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ ነገር ሌላውን ወክሎ ተለክቷል። የፍሬን ርቀትና የመሪ መታዘዝ የአደጋን ሞት፣ የተስተካከለ የልብ ምት የበሽተኛውን ዕድሜ፣ የሞላ የደም ትርታ የሕፃኑን መትረፍ ወክለው ቆመዋል። እንዲህ ያለውን ወኪል መለኪያ ልንለው እንችላለን። ወኪል ግን አንዳንድ ጊዜ የላከውን ሰው ጉዳይ ሳይፈጽም ይመለሳል። ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ወይም መሣሪያው ከምንለካው መንገድ ውጭ በሌላ በኩል ጉዳት ያደርሳል፤ ወይም መለኪያው የበሽታው ጥላ እንጂ መንሥኤው አይደለም፤ ወይም በመካከል ያለው ሰው ጠባዩን ይለውጣል።

ይህ ማለት ወኪል መለኪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የደም ግፊትን እንመልከት። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በኤድዋርድ ፍሪስ መሪነት ተካሂዶ በ1967 በታተመው ጥናት፣ የታችኛው የደም ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች በዕጣ ተለይተው ነበር። ማስመሰያ ከወሰዱት መካከል 27ቱ፣ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 2ቱ ብቻ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። እዚህ ላይ መለኪያውና ውጤቱ አብረው ሄዱ። የደም ግፊትን መለኪያ ዛሬ የምናምነው እንዲህ ያሉ ጥናቶች ስላረጋገጡልን ነው።

በመኪናም ረገድ እንደዚሁ ሆኗል። የኤ.ቢ.ኤስ.ን መለኪያዎችና ቫልቮች መሠረት አድርጎ በ1995 ለገበያ የቀረበው ኤሌክትሮኒክ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ፣ መኪናው መሪው ከሚያዘው አቅጣጫ ሲወጣ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ በራሱ ፍሬን ይይዛል። ይህ መሣሪያ በጎዳና ላይ ሲጠና፣ ሞት የሚያስከትሉ የአንድ መኪና ብቻ አደጋዎችን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። በዚህም ምክንያት አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ግዴታ አደረጉት። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ይህኛው መሣሪያ ከአሽከርካሪው የተለየ ዕውቀትም ሆነ የተለየ አረጋገጥ አለመጠየቁ ነው። ከተመሳሳይ ክፍሎች የተሠሩት ሁለቱ መሣሪያዎች በፈተና ሜዳ ሁለቱም አስደናቂ ነበሩ፤ የለያቸው የጎዳናው ጥናት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አዲስ መድኃኒት፣ መሣሪያ ወይም የሕክምና መመሪያ ሲቀርብልን አራት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይጠቅመናል።

1. የተለካው ምንድን ነው? በሽተኛው ራሱ የሚሻው ውጤት ማለትም መኖር፣ መራመድ፣ ከሕመም መገላገል ነው ወይስ የላቦራቶሪ ቁጥር?

2. ከምን ጋር ተነጻጸረ? በዕጣ ተለይቷል ወይስ «ሰጠነው፣ ተሻለው» ብቻ ነው?

3. የተሞከረው በማን ላይ፣ በምን ዓይነት ቦታ ነው? ኤ.ቢ.ኤስ. በአስፋልት ላይ የሚያሳየውን ብቃት በኮረኮንች መንገድ ላይ አያሳይም። የታሰረ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ስለሚቆልል ቶሎ ሊቆም ሲችል፣ የሚዞረው ጎማ ግን ረዥም ርቀት ሊሄድ ይችላል። የፊስት ጥናትም የተካሄደው የመተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌላቸው ሆስፒታሎች፣ እንደ እኛ ባሉት ማለት ነው፤ በሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ ለእነርሱ አልሆነም።

4. በመካከል ያለው ሰው ምን ያደርጋል? የደም ግፊቱ ቁጥር ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን የሚያቆም በሽተኛ ሁላችንም አጋጥሞናል። መርገጫው ሲንቀጠቀጥ እግሩን ካነሣው ሹፌር የሚለየው ነገር የለም፤ ሁለቱንም የሚያስረዳቸው አልነበረም። ቁጥሩ የተስተካከለው በክኒኑ ምክንያት መሆኑን ለበሽተኛው መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው።

መኪና ለሚነዳው አንባቢ ደግሞ የሚከተለውን መጨመር ግዴታዬ ነው። መኪናዎ ኤ.ቢ.ኤስ. ካለው በአደጋ ጊዜ ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጥብቀው ይርገጡ፤ መርገጫው ቢንቀጠቀጥም አይልቀቁ፤ ዓይንዎንና መሪውን ወደሚያመልጡበት አቅጣጫ ያድርጉ፤ መሪውን ግን ከመጠን በላይ አይጠምዝዙ። ቁልፉን ሲከፍቱ የሚበራው የኤ.ቢ.ኤስ. ምልክት ጥቂት ቆይቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መሣሪያው ራሱን አግልሎ መደበኛውን ፍሬን ብቻ ትቶልዎታል ማለት ነውና ወደ መካኒክ ይውሰዱት። አምፖሉን ማስነቀል የበሽተኛውን ቴርሞሜትር ሰብሮ ትኩሳቱ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርቀትዎንና ፍጥነትዎን መሣሪያው እንደሌለ አድርገው ይጠብቁ።

ማጠቃለያ

ምርምር ማለት ጥሩ ሐሳብ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ጥሩ የመሰለንን ሐሳብ ሊያሳፍረን በሚችል ፈተና ውስጥ ማሳለፍ ጭምር ነው። የሙኒክ ተመራማሪዎች፣ የካስትና የፊስት ሐኪሞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያገኙት መልስ የጠበቁት ባይሆንም፣ መልሱን ሳይደብቁ በማውጣታቸው ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰዎች ሕክምና ተለውጧል።

ያ ሹፌር ከሳምንታት በኋላ በክራንች እየተደገፈ ከሆስፒታሉ ሲወጣ፣ መኪናዋ ያልተበላሸች መሆኗን አልነገርኩትም፤ እኔም አላውቅም ነበርና። ባውቅስ ኖሮ፣ ወንድሙን ላጣ ሰው ያን መንገር ይቀልለኝ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ሊነገረው ይገባ የነበረው መኪናዋን በገዛበት ቀን፣ ቁልፉን በተረከበባት በዚያች ደቂቃ ነበር።